ሰሞነኛ አበባ

አንድ አትክልተኛ ነበረ፤ ሚስቱ ታማበት ከደጋ ወደ በረሃ ይዟት የወረደ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ ልጄ። «ሐኪሙ የነገረኝን ለእናቴ ልንገራት ወይስ ልደብቃት?» ብለኸኛል። እመልስልሃለሁ። አስቀድመህ ግን የዚህን ሰው ነገር ስማኝ፤ መሀል ላይም አታቋርጠኝ። ረጅም አይደለም፤ ደስ የሚልም አይደለም።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ይህን ከወዲሁ ልንገርህ፤ ኋላ ስወቅሰው ጠላቱ እንዳልመስልህ። እጁ ለአፈር የተፈጠረ ሰው ነበር። ደጋ ሳለ የአንድ ባለጸጋ ግቢ አትክልተኛ ሆኖ ነው ያረጀው፤ ጎመኑን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጌሾውን፣ እመቤቲቱ የምትወደውን ጽጌረዳ ሳይቀር እሱ ነበር የሚያበቅለው። የነካው ሁሉ ይጸድቃል ይባልለት ነበር። ሰው ደግሞ ሲመሰገንበት የኖረውን ነገር ለሁሉም መድኃኒት ያደርገዋል። እሱም በዚህ ዓለም ላይ ተኮትኩቶና ውኃ ጠጥቶ የማይድን ነገር ያለ አይመስለውም ነበር።

ሚስቱ የበረሃው ልጅ ነበረች። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣችው ሙሉ ሴት ከሆነች በኋላ ነው። ለምን እንደወጣች፣ ከማን ጋር እንደኖረች፣ ሲያገባት አልጠየቃትም፤ ባለመጠየቁም ይኮራ ነበር። «ያለፈው ያንቺ፣ የሚመጣው የሁለታችን» አላት። እሷም ይህን እንደ ቸርነት ቆጥራ ዝም አለች። ልጅ አልወለዱም። እንዲያም ሆኖ ተዋደው ኖሩ፤ ሲጣሉ የሰማ ጎረቤት የለም።

ከዚያ ደረቷን ታመመች። ሳሉ አልለቅ አላት፤ ሥጋዋ ሄደ። ያዋቂ ቤት ተዳረሰ፣ ጠበል ተጠመቀች፣ በመጨረሻ ሁሉም «ብርዱ ነው የሚጨርሳት፤ ወደ አገሯ ውሰዳት» አሉት። ሰውዬው ሥራውን ለቀቀ፣ ያለውን በአህያ ጫነ፣ እሷን በበቅሎ አስቀመጠና ወረደ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሳያመነታ ነው። ስለዚህ ነው ክፉ አልነበረም ያልኩህ።

የሴትዮዋ አገር በረሃ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ የውኃ ጉድጓድ፣ በድንጋይ የታጠረች ቤተ ክርስቲያን። ዘመዶቿ አልቀዋል፤ ያላለቁት ተበትነዋል። ሰው የማይኖርበትን አንድ ቤት ጠግነው ገቡበት። ሴትዮዋ እንደደረሰች የጠየቀችው ስለ ሰው አልነበረም። «ሰሞነኛ አሁንም ይበቅላል?» ብላ ጠየቀች።

ሰሞነኛ አበባ ነው። ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ከጉልበት የማያልፍ፣ ከዝናብ በኋላ ብቅ ብሎ ሜዳውን ሁሉ የሚያለብስ፣ ከዚያ ደርቆ ፍሬውን አራግፎ የሚጠፋ ነበር። እሷ ልጅ ሳለች ሰዎች ከሩቅ መጥተው ያዩት ነበር። አሁን ግን ከብቱ በልቶት፣ ከሰል የሚያከስለው ሰው ረጋግጦት፣ ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል። ባልየው ስሙን ሲሰማ ሳቀ። «ሰሞነኛ? የሰሞን ወሬ እንደሚባለው ማለት ነው?» አላት። «እንደዚያ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል» ብላ ልትቀጥል ስትል ሳሉ ያዛትና የቀረውን ሳትነግረው ቀረች።

እንግዲህ አትክልተኛ አይደል? አበባውን ላሳያት አለ። በረሃውን ሲፈልግ ሰንብቶ በቤተ ክርስቲያኗ አጥር ውስጥ፣ ከብት በማይገባበት ጥግ፣ ካለፈው ዝናብ የቀሩ ጥቂት የደረቁ አገዳዎች አገኘ። የአገዳዎቹን ራስ እየፈረከሰ ፍሬውን ነጠላው ጫፍ ላይ አራገፈ። እፍኝ አይሞላም። ከዚያ ወዲያ ዞሮ ዞሮ አንዲት ፍሬ አላገኘም።

ግቢው ውስጥ መደብ አወጣ፤ ቆፈረ፣ አለሰለሰ፣ ፍግ አመጣና ደባለቀ። ሚስቱ በሩ ላይ ተደግፋ ስታየው ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

«ለጎመን ነው እንዴ የምታዘጋጀው?» አለችው። «ይህ ድግስ አይወድም። ፍግ ካበላኸው ቅጠል ብቻ ይሆንብሃል። ከአሸዋ ጋር አደባልቀህ በትነው፤ በእግርህ ጫን ጫን አድርገውና ተወው።»

«ውኃስ?»

«ትንሽ። ለምልክት ያህል። ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ አፈር ውስጥ አድፍጦ ይቀራል። ሁሉም ባንድ ዝናብ አይወጣም፤ የሚቀረው ለከርሞ ነው። አትጎትጉተው።»

ፍጉን ጠረገላት፤ በአሸዋውም ተስማማ። ውኃውን ግን እሺ አላላትም። እሱ የዘራው ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ቀርቶ አያውቅም። ጧትና ማታ ከጉድጓድ እየቀዳ አጠጣ፤ የፊተኛው ከወጣ በኋላም የኋለኛው እስኪወጣ አላቆመም። መደቡ ጢም ብሎ ሲሞላ «ይኸው፤ አንድም አላስቀረሁም» ብሎ ፎከረባት። እሷ አረንጓዴውን አየች፤ ለከርሞ የቀረ እንደሌለ ገባት። ደስታውን ልታበላሽበት አልፈለገችም።

አበባው ፈነዳ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ መንደር ከታየ ቆይቷል። አልጋዋን በሩ ፊት አደረገላት፤ ተኝታ ታየዋለች። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ ይመርቁታል። እሷም ቀና አለች፣ እህል ቀመሰች፣ ፊቷ ላይ ደም የመጣ መሰለው። አትክልተኛው በእነዚያ ቀናት የነበረውን ደስታ እኔ ልነግርህ አልችልም። እንደዳነች አምኖ ነበር። ደጋ ስንመለስ እያለ ያወራት ነበር።

ታዲያ የፊተኞቹ አበቦች መጠውለግ ጀመሩ። ሴትዮዋ መናገር የጀመረችውም በዚያው ሰሞን ነው።

ስለ አበባው ልንገርህና ወደ ንግግሯ እመለሳለሁ። ሰውዬው የደረቀ ነገር ፊቷ እንዲቆም አልወደደም። ከባለጸጋው ግቢ የተማረው አንድ ብልሃት ነበረው። አበባ ሲጠወልግ ፍሬ ሳይቋጥር በጥፍርህ ቀንጥሰህ ከጣልከው፣ ተክሉ ያልወለደ እየመሰለው እንደገና ያብባል። ደግመህ ብትቀነጥስ ደግሞ ያብባል። ጽጌረዳውን እንዲህ እያደረገ ነበር እመቤቲቱን የሚያስደስታት። አሁንም ጧት ጧት ጎንበስ ብሎ የጠወለገውን ሁሉ ይቀነጥሳል፤ ሚስቱ ስትነቃ ፊቷ ያለው የፈካ ብቻ ነው። የአበባው ሰሞን አለፈ፤ አበባው ግን አለ። ሰውም ተገረመ። «እጁ የተባረከ ነው» አሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ጠራችው።

«ና እስኪ ቁጭ በል። ልነግርህ የሚገባኝ ስለ አንድ ሰው ነው።»

«ስለማን?»

«ከእኔ በኋላ የሚመጣ ይኖራል፤ መጥቶ ቢጠይቅህ…»

«ከእኔ በኋላ የሚባል ነገር የለም» አላት። «አታሟርቺ።»

ፈገግ አለች። እሱም ትራሷን አስተካክሎላት፣ ግንባሯን ስሞ ወጣ። ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። አንተም ብትሆን ይህን ቃል ሺህ ጊዜ ብለኸዋል፤ እኔም ሲባል ሰምቻለሁ። በአገራችን የታመመ ሰው ስለ ሞቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቶሎ ብሎ የሚዘጋለት ነው አፍቃሪ የሚባለው።

ሌላ ቀን ሞከረች፤ «ኧረ ባክሽ፣ ከእኔ በፊት አትሄጂም» ብሎ ቀለደ። ሌላ ቀን ሞከረች፤ «ሲሻልሽ ታወሪኛለሽ» አላት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በግድ የሚነገር አይደለም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የቆለፈውን ነገር የሚያወጣው ሰሚ ተመቻችቶ ሲቀመጥለት ነው። እሷ ትንሽ ድፍረት ታጠራቅማለች፣ እሱ ይበትንባታል፤ እንደገና ታጠራቅማለች። ጉልበቷ ደግሞ እያለቀ ነው። እሱስ ምን እንደምትለው አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም። ቃሉ ከአፏ ከወጣ ሞት በዚያው በር የሚገባ ይመስለው ነበር። ፈርቶ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ጎረቤት የሆነች አሮጊት ለብቻው ጠርታ «ልጄ፣ ሰውነቷ ከድቷታል፤ ቄስ ጥራላትና ትናዘዝ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷን ግቢው አላስገባትም። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ይቀበለውና «ተሽሏታል፣ ተኝታለች» ብሎ ይመልሳል።

የቤተ ክርስቲያኗ ቄስ ግን ሳይጠሩ መጡ። ሴትዮዋን ክርስትና ያነሷት እሳቸው ነበሩ፤ በጣም አርጅተዋል። ሰውዬው እንደ ልማዱ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ተሽሏታል አባ» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩ። «እነዚህ እስካሁን አሉ እንዴ?»

«በእጄ ነው ያቆየኋቸው» አለና እንዴት እንደሚቀነጥስ አሳያቸው። ሲያሳያቸው ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

«ፍሬውስ?»

«ፍሬ ምን ያደርግልናል አባ? እሷ የምትወደው አበባውን ነው።»

«ስሙ ሰሞነኛ እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉት።

«የሰሞን ነው፣ ይመጣል ይሄዳል፤ ነግራኛለች።»

«ግማሹን ነው የነገረችህ። ሰሞነኛ የሚባለው ተራው የደረሰ ካህን ነው። እኔ ሳምንቴን እቀድስና ለባለ ተራው አስረክቤ እወጣለሁ። አላስረክብም ብዬ እዚያው ብቆም ቅዳሴው የሚረዝም ይመስልሃል? ጉልበቴ ሲያልቅ እኔ እወድቃለሁ፤ ተረካቢ የለም፤ ቅዳሴው ይታጎላል። የድሮ ሰዎች ይህን አይተው ነው ስም ያወጡለት። ልጄ፣ አሁን እንኳ ጥቂቱን ተውለት፣ ይድረቅ። እኔንም አስገባኝ።»

«ቄስ አልጋዋ አጠገብ ካየች ትደነግጣለች አባ። ሲሻላት ይመጣሉ።»

«እሷ የምትደነግጥ አይመስለኝም» አሉ ሽማግሌው። በጉልበት አይገቡ ነገር፣ መስቀላቸውን ወደ ቤቱ አቅንተው ባረኩና ተመለሱ።

ሲገባ «አባ ነበሩ?» አለችው።

«አይ፣ መንገደኛ ነው። መንገድ ጠፍቶት ነው።»

ካገባት ጀምሮ ዋሽቷት አያውቅም ነበር። እሷ ደግሞ የሽማግሌውን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ብቻዋን መሆኗን ያወቀች ይመስለኛል። አጠገቧ ሰው አለ፤ ያውም የሚወዳት ሰው፤ ነገር ግን የምትነግረው አንድ ጆሮ በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ደረስን። ከውኃው እንስራ ኋላ፣ ከመደቡ ጥግ ላይ፣ አንዲት አበባ ከጥፍሩ አምልጣ ነበር። ቆሞ ለሚያይ አትታይም። አልጋ ላይ ተኝቶ ለሚያይ ግን ትታያለች። አበባዋ ከጠወለገች ጀምሮ ሚስቱ ስታያት ሰንብታለች፤ ስትጠቁር፣ ፍሬ ስትቋጥር፣ ስትደርቅ። ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። ጥቂት ቀን ብትቆይ ራሷ ተፈርክሳ ታራግፈው ነበር።

ከምሳ በኋላ ሴትዮዋ እጁን ያዘችው።

«ዛሬ ትሰማኛለህ» አለችው።

«ዛሬማ ደህና ነሽ።»

«ደህና አይደለሁም፤ አንተም ታውቃለህ። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ይህን ያህል እንኳ ማድረጉ ከብዶት ነበር። ጣቶቿ አንጓው ላይ እሳት ሆነውበታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሽ ሰበሰበች።

«አንተን ሳላገባ በፊት» ብላ ጀመረች።

የሰውዬው ዓይን ከፊቷ ሸሽቶ ወደ በሩ ሄደ፤ በበሩ ወደ ግቢው ወጣ፤ ማምለጫ ይፈልግ ነበር፤ አገኘም። ከእንስራው ኋላ የደረቀችውን ራስ አየ።

«ቆይ፣ መጣሁ» አለ።

«አትሂድ።»

«አንዷ ደርቃለች፤ አሁን መጣሁ።»

ሴትዮዋ ወዴት እንደሚያይ አየች። «እሷን ተዋት» አለችው። «በናትህ፣ እሷን እንኳ ተዋት።»

ለአበባዋ ያዘነች መሰለው። ጣቶቿን ከአንጓው ላይ አንድ በአንድ አላቀቀና ወጣ። የደረቀችውን ራስ ቀነጠሰ። ከዚያ ቶሎ አልተመለሰም። ሌላ የጠወለገ ካለ ብሎ መደቡን ዞረ፤ ያልጠወለገውንም ነካካ፤ እንስራውን አንሥቶ ቦታ ቀየረ። እውነቱን ልንገርህ፤ የዘገየው እንድትረሳው ነው። የጀመረችው ነገር እንዲያልፍላት፣ ወይም እንዲያልፍለት፣ ጊዜ እየገዛ ነበር። የያዘውን ሁሉ ደጅ ያለው ምድጃ እሳት ላይ ጣለው። ትንሽ ተንጣጣና ጠፋ። የመንደሩ ሰሞነኛ መጨረሻ ያ ነበር፤ እሱ ግን ያን ጊዜ አላወቀም።

ሲገባ ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። አንደበቷ ተይዟል።

ወዲያው አልሞተችም፤ ብትሞት ይሻለው ነበር። ዓይኗ ያያል፣ ጆሮዋ ይሰማል፣ አፏ ግን ቃል አይሠራም። አሁን እሱ ተንበርክኮ ይለምናት ጀመር። «ንገሪኝ፤ እሰማሻለሁ፤ እኔን ሳታገቢ በፊት ምን? ማን ነው የሚመጣው?» ይላታል። ሲወጣ ሲገባ፣ ሲያጎርሳት፣ ሲያጥባት ይህንኑ ይላል። እሷ ድምፅ ታወጣለች፤ ድምፁ ግን ቃል አይሆንም። ከዚያ ዓይኗ እንባ ይሞላል። ሮጦ ሽማግሌውን ቄስ አመጣቸው፤ አሮጊቷንም ጠራ፤ ሁሉም በየተራው ጆሯቸውን ወደ አፏ አስጠጉ። ማንም አንዲት ቃል መለየት አልቻለም። ሽማግሌው ጸሎት አደረሱ፤ ሰውዬውንም አልወቀሱትም። እሷ ባሏን እያየች አረፈች። በቁጣ ነው ያየችው እንዳልል ቁጣ አልነበረም። በፍቅር ነው እንዳልል ደግሞ አላውቅም።

አበቦቹም ዓይኗ ከተከደነ በኋላ አልቆዩም። ሐሩሩ ገባ፤ ተክሉ ሊወልድ ሲል እየተቀነጠሰ ጉልበቱ አልቆ ነበርና ባንድ ሰሞን ከሥሩ ከሰለ። አንዱም ፍሬ አልያዘም።

ሰውዬው ወደ ደጋ አልተመለሰም። ዝናቡን ጠበቀ። ዝናቡ ደግሞ ያን ዓመት ሰው የሚመኘው ዓይነት ሆኖ መጣ፤ በረሃው ሣር ለበሰ፣ ግራሩ ለመለመ። የሱ መደብ እሾህ ብቻ አወጣ። እሾሁን ነቅሎ አፈሩን በጣቱ እያመሰ ፈለገ። አፈር ውስጥ አድፍጦ የቀረ አልነበረም፤ አንድም ሳያስቀር አብቅሎታል። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አጥር ሄደ፤ ያንንም ያራገፈው ራሱ ነው። ሜዳ ለሜዳ ዞረ። ሰው ሲያየው ያበደ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ሴት የመጣችው። ወጣት ናት፤ ከሩቅ መምጣቷን አቧራዋ ይናገራል። አጥሩ በር ላይ ቆማ የሟችዋን ስም ጠርታ «ቤቷ ይህ ነው?» አለች። ሰውዬው ቀና ሲል የሚስቱን ግንባር፣ የሚስቱን ዓይን አየ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገውም። የሚመጣው ማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው።

ሞታለች አላት። ልጅቱ አላለቀሰችም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ተናገረች።

«የአባቴ ወገኖች ናቸው ያሳደጉኝ። እናትሽ አልፈልግም ብላ ሰጥታን ሄደች ይሉኛል። አንዲት የቤቱ ሴት ግን ልትሞት ስትል፣ ሰጥታን አይደለም፣ ቀምተናት ነው አለችኝ። የትኛው እንደሆነ እሷን ልጠይቃት ነው የመጣሁት። ነግራዎታለች?»

«አልነገረችኝም» አለ።

«ምንም?»

«ልትነግረኝ ነበር» አለ ሰውዬው። የቀረውን መጨረስ አቃተው።

ልጅቱ ጠበቀችው። ምናልባት ትዝ ይለው ይሆናል ብላ ነው።

«እነሱ ትርፌ ብለው ነው የሚጠሩኝ» አለች። «እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌላ ነው ይባላል። እሱንስ አንሥታው አታውቅም?»

«እንድታነሣው ዕድል አልሰጠኋትም» አላት።

ውኃ ላምጣልሽ ቢላት እንቢ አለች። እደሪ ቢላትም ማደር አልቻለችም። የእናቷን መቃብር ተሳልማ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች፤ ሰጥታኝ ይሆን ቀምተዋት ይሆን እያለች እስክትሞት ድረስ ትኖራለች። እኔንም አትጠይቀኝ፤ አላውቀውም። በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ያውቀው ነበር፤ እሷም ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ።

«ልንገራት ወይስ ልደብቃት» አልከኝ። አንተ ተናጋሪ፣ እናትህ ሰሚ የሆነች መስሎሃል። ሐኪሙ ለአንተ የነገረህን ሰውነቷ ለእሷ አስቀድሞ ነግሯታል። ስለዚህ መደበቁም ያንተ አይደለም፤ መንገሩም ያንተ አይደለም። መሄዷን ደግሞ አንተ አታስቀረውም፤ እኔም ጸልዬ አስቀረዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። አበባው እሷ ናት፤ ሰሞኗ ደርሷል። ፍሬው ሳትሄድ የምታስረክብህ ቃሏ ነው። አንተና ወንድሞችህ አልጋዋን ከባችሁ «አታሟርቺ፣ ደህና ነሽ» ስትሉ የምትቀነጥሱት እሱን ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። ትልቅ ነገር ላይሆን ይችላል። ምናልባት ይቅር በለኝ ልትልህ ይሆናል፤ ምናልባት ስለ አንድ ሰው ይሆናል። ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ተቀምጦ ዝም ማለት ነው።

ምነው አቀረቀርክ? ዛሬ ከቤት ስትወጣ ምን ብላህ ነበር? ቁጭ በል አላለችህም? አንተስ «አባን አንድ ነገር ጠይቄ መጣሁ» ብለሃት አይደለም የወጣኸው? እንግዲያው እኔ ዘንድ የመጣኸው ምክር ፍለጋ አይደለም። ያ ሰው ግቢው ውስጥ እየዞረ እንስራ ቦታ ሲቀይር እንደነበረው አንተም እዚህ ተቀምጠህ ጊዜ እየገዛህ ነው። እኔም ምሳሌ እየነገርኩ አቆየሁህ። ተነሥ፣ ሂድ። እስክመርቅህም አትጠብቅ። ይህን ስናወራ እሷ ብቻዋን ናት፤ ስትደርስ መናገር የምትችል መሆኗን እኔ አላውቅም።